ሁለት ጣት ትርፍ

ሰኞ 2

ሰማንያ አራት። ዛሬም ሰማንያ አራት። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ሻርፔን አወለቅኩ፣ የጆሮ ጌጤን ሳይቀር አውልቄ ነርሷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፤ ሚዛኑ ግን እንደ ግትር በቅሎ ንቅንቅ አላለም። ነርሷ ሳቅ ብላ፣ «እናቴ፣ የጆሮ ጌጡ ስንት ይመዝናል ብለው ነው?» አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለሰው የማልነግረው ነገር ስለበዛብኝ ነው። አፌ ክፍት መሆኑን ሰፈሩ ያውቃል፤ «ሬዲዮ» ነው የሚሉኝ። የሰው ወሬ ሲሆን ማን ይቀድመኛል። የራሴ ሲሆን ባትሪው ያልቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታናሽ እህቴ የሚጣዬ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ዓመት አለፋቸው። በሳምንት ሦስቴ ሆስፒታል ሄዳ ደሟ በማሽን ይታጠባል። አንድ ኩላሊት ለመስጠት ከቤተሰቡ ተመርምረን ከእሷ ጋር የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ግን በመጀመሪያው ቀን ሆዴን አየት አድርጎ፣ «ከሰማንያ በታች ሆነው ይምጡ። በዚህ ክብደት ብንከፍትዎ ለእርስዎም አደጋ ነው» አለኝ። ዘጠና አራት ነበርኩ። እህቴ ፊት «ሰማንያ ምን አላት! ቅቤም ይቀልጣል እንኳን እኔ» ብዬ ፎከርኩ። እውነትም በሦስት ወር አሥር ኪሎ ጣልኩ። ከዚያ ቆመ። ይኸው በቆመበት አለ።

ማታ ደወለች። «ስንት ሆነ እትዬ?»

«እየወረደ ነው የኔ ዓለም፣ እየወረደ ነው።»

ነገ ይወርድ ይሆናላ። ማን ያውቃል።

ረቡዕ 4

ተጣድፌአለሁ። ቁርስ እንቁላልና ግማሽ ዳቦ። ምሳ ምስርና ጎመን። እራት ሻይ ያለ ስኳር። ጠዋት እስከ አደባባዩ በእግሬ ሄጄ ተመልሻለሁ።

ካውያ ያመጣችውን ብስኩት አልጻፍኩም። ካውያ የምንላት እኔ የምሠራበት ስፌት ቤት ልብስ የምትተኩሰዋን ነው። ቀኑን ሙሉ ትቆረጥማለች፣ ወገቧ ግን የኔን ክንድ አያክልም። እግዜርም ያዳላል ለካ። ደግሞ ሁለት ፍሬ ብስኩት ምን ምግብ ይባላል?

ዓርብ 6

የምግብ ባለሙያዋ ዘንድ ቀረብኩ። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ እኔ ግን እንደ አስተማሪ ነው የምፈራት።

«ሰውነትዎ ብልጥ ነው» አለችኝ። «አሥር ኪሎ ሲጥሉ የሚሸከመው ቀለለለት፤ ስለዚህ የሚፈልገው ምግብም አነሰ። እርስዎ ግን ያኔ የሚበሉትን ያህል ነው አሁንም የሚበሉት። የእግር ጉዞውንም ለምዶታል። ሲሄዱ አሁን ያልብዎታል?»

አያልበኝም። እየሄድኩ ስልክ አወራለሁ እኮ! ትናንት ከአማቴ ጋር አንድ ሙሉ ሐሜት ጨርሼ ነው የተመለስኩት።

ደረጃ እንድወጣ ነገረችኝ። ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ሞልቼ ቤት ውስጥ እንዳነሳሳ፤ ጡንቻ ካልሠራ ምድጃው ይበርዳል አለች። ዳቦው የመዳፌን ያህል፣ ከእያንዳንዱ ማዕድ ጋር እንቁላል ወይም ምስር፣ እንቅልፍ በጊዜ። «ደግሞ አፍ የገባ ሁሉ ይቆጠራል። ቅምሻም ምግብ ነው፣ ቆመው የበሉትም ምግብ ነው። በመሀል የሚቆረጥሙት ነገር ይኖር ይሆን?»

«ኧረ በጭራሽ!» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ስነሳ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው የኦቾሎኒ ከረጢት ተንኮሻኮሸ። ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። ዝም ያለ ሰው ምነው እንዲህ ይጮሃል?

እሑድ 8

እህቴ ቤት ዋልኩ። ልጇ፣ ዘንድሮ ትምህርት የምትጨርሰዋ፣ ቤቱን እንደ ትልቅ ሴት ይዛዋለች። አንጀቴን በላችኝ።

ሚጣዬ ከመታመሟ በፊት ከኔ ጎን ነበር የምትሰፋው። የስፌት መኪናዋ አሁንም እዚያው አለ፣ ጨርቅ ለብሶ። ሁለታችንንም ስፌት ያስተማረችን እናታችን ናት፤ እጅ ግን የሰጠችው ለእሷ ነው። የኔ ልብስ ከመኪና ላይ ወርዶ ያልቃል። እሷ ብብት ሥር ስትደርስ መኪናውን ታቆምና በእጇ ትጨርሰዋለች። «ልብስ መጀመሪያ የሚተረተረው እዚህ ነው፤ እዚህ ጋ ሰነፍ መሆን የለም» ትላለች።

«ሰማያዊዋን ቀሚስ ለምን አትለብሻትም?» አለችኝ ዛሬ።

ሰማያዊዋን ቀሚስ ጤነኛ ሳለች ነው የሰፋችልኝ። ስትሰፋት በሁለቱም ጎን በውስጥ በኩል ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ትታ፣ «አንቺ በየዓመቱ ትጨምሪያለሽ፤ ስትጠብሽ ፈተሽ ትለቂያታለሽ» ብላ ስፌት ቤቱን አስቃብኝ ነበር።

«ሰፍታሽ ማየት እፈልጋለሁ» አለች። «ስትሰፋሽ እኔም የምድን ይመስለኛል።»

ቤት ገብቼ ለካኋት። ትገባለች። ግን ጎኔን እንደ ቀማኛ አንቃ ነው የያዘችኝ።

ማክሰኞ 10

ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል።

ሰው ሁሉ ከሥራ እስኪወጣ ጠበቅኩ። የቀሚሷን ሁለት ጎን ፈታሁ። ትርፉን ለቅቄ ጠርዙ ላይ መልሼ ሰፋሁት። የድሮው መርፌ ቀዳዳ እንዳይታይ በሆምጣጤ የራሰ ጨርቅ አልብሼ ተኮስኩት። አንድ ነገር ግን አልሆነልኝም፦ ውስጥ ተደብቆ የኖረው ጨርቅ ፀሐይ አላየም፣ ሰማያዊነቱ ገና ትኩስ ነው። በሁለቱም ጎን እንደ ጅራፍ ሰንበር ጠቆር ብሎ ይታያል። ክንዴን ካላነሳሁ አይታይም።

ስለብሳት ሰፋችኝ። መስታወት ፊት ቆሜ የቀነስኩ መሰልኩ። ለአንድ አፍታም ደስ አለኝ። የገዛ ውሸቴ እኔኑ አታለለኝ፣ ጉድ እኮ ነው!

ሐሙስ 12

ለብሻት ሄድኩ። እጥበት ክፍሉ ውስጥ ስድስት አልጋ አለ፣ ስድስቱም ያውቁኛል። ገና ከበሩ፣ ከእሷ ቀጥሎ የሚተኙት የአንድ ጡረተኛ ሚስት፣ «ኧረ እህትሽ ቀለጠች!» ብለው እልል ማለት ቀራቸው።

«እስቲ ዙሪ» አለች ሚጣዬ። ዞርኩ፣ ሁለት ክንዴን ጎኔ ላይ ለጥፌ።

«ምነው እንደ ወታደር?»

ሁሉም ሳቁ። በነጻው እጇ ጠራችኝና ቀረብኩ። ቀሚሷን ጎኔ ላይ ያዘቻት። ጣቶቿ ስፌቱን ተከትለው ወደ ላይ ወጡ፣ እስከ ብብቴ ሥር። እዚያ ቆዩ።

ከዚያ፣ «ሰፍታሻለች እትዬ። በጣም ሰፍታሻለች» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ደክሟት ይሆናል። ማሽኑ ደም ግፊቷን ሲያወርደው እንዲህ ዝም ትላለች።

ስወጣ ልጇ ኮሪደር ላይ እጄን ይዛ ሳመችኝ። «አክስቴ፣ ለእናቴ ብለሽ በረሃብ አለቅሽ» አለችኝ። ምነው ያኔ አፈር በበላሁ።

ሰኞ 16

ወረደ!!! ሰማንያ ሁለት ተኩል። ደረጃው ነው የሠራው። ስፌት ቤቱ ካለበት እስከ ላይኛው ፎቅ ድረስ በሻይ ሰዓት እየወጣሁ እወርዳለሁ፤ ጨርቅ ቆራጩ፣ መቀስ የምንለው፣ «ላይ ቤት ውሽማ ይዘሻል እንዴ?» እያለ ሲቀልድብኝ ነው የሰነበተው። ትንፋሼ ቁርጥ እያለ ነው የምወጣው። ጠርሙሶቹንም አነሳለሁ። ባሌ «ውኃውን ከምትጫወችበት ጠጪው» ይለኛል።

ነርሷ እጄን ጨበጠችኝ። «እንዲህ ከቀጠሉ በሚቀጥለው ወር ቀን ይቆረጥልዎታል።» ደስ ብሏት የምተኛበትን ክፍል፣ የማልፍበትን በር ሁሉ አሳየችኝ። ከበሩ ሥር ጫማ ተደርድሯል። የሚገባ ሰው ጫማውን እዚያ ትቶ ነው የሚያልፈው።

እናታችን ለቀዶ ጥገና የገባች ቀን ጫማዋን ፌስታል ውስጥ አድርጋ ለኔ ነበር የሰጠችኝ። «ያዢልኝ፣ መጣሁ» ብላኝ በእግሯ ገባች። ጫማው አሁንም ቁም ሳጥኑ ላይ አለ።

ለምን ይህን እንደጻፍኩ አላውቅም። ስለ ሚዛኑ ነበር የጀመርኩት።

ማክሰኞ 17

ዝናብ። ከሥራ ስመጣ አጥለቀለቀኝ። ጃንጥላ አልያዝኩም፣ የነበረኝ ምርጫ ኬክ ቤቱ በር ላይ መጠለል ብቻ ነው። ዝም ብሎ መቆም ደግሞ ነውር ነው፤ ሰው ምን ይለኛል። አንድ በላሁ። ዝናቡ አላቆመም። ዝናቡ እኔን ይሁነኝ ብሎ ነው የዘነበው።

ዓርብ 20

ባሌ ከወንድሙ ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። እኔ መኝታ ቤት የተኛሁ መስሎት ነው። «ማን ያውቃል፣ ባይወርድላት ይሻል ይሆናል» አለ። «ሁለት ሴት በአንድ ቀን ከማጣት…»

ያልሰማሁ መሰልኩ። ጥቂት ቆይቶ ወጣ ብሎ ተመለሰ፤ እጁ ላይ የኬክ ካርቶን። «ለሻይ» አለ። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ለሻይ ኬክ ገዝቶ አያውቅም። ሁለታችንም ዓይን ለዓይን ሳንተያይ በላነው። እንግዳ ያመጣውን አይመልሱም፤ ባል ደግሞ ከእንግዳ ይብሳል።

ሰኞ 23

ሰማንያ አራት ከሦስት መቶ ግራም።

ነርሷ አልተቆጣችም። በሩን ዘጋችና ወንበሯን ወደኔ አስጠጋች። «እናቴ፣ ይህን የምጠይቅዎ ለብቻዎ ነው፤ ከዚህ ክፍልም አይወጣም። መስጠቱን ካልፈለጉ መብትዎ ነው። ያኔ እኛ ለቤተሰቡ ‹ለጤናዋ አይስማማም› እንላለን። ምክንያቱን ማንም አይጠይቅዎትም።»

«ምን ሲባል!» ብዬ ዘለልኩ። «ለገዛ እህቴ! ሰውነቴ እምቢ ብሎኝ እንጂ!»

እውነትም ተቆጥቼ ነበር። ግን በዚያው ቁጣ መሀል፣ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የተነሳልኝ ያህል አንድ ረጅም ትንፋሽ ወጣኝ። ነርሷ ሰማችው። እኔም ሰማሁት።

አሳንሰሩን ትቼ በደረጃው ወረድኩ። የምደበቅበት አጥቼ ነው እንጂ ለስፖርቱ አልነበረም።

ሐሙስ 26

የዛሬውስ አይነሳ!

መኪናዬ ክር እየበጠሰ አላሠራ ስላለኝ ማዳም፣ የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ጠጋኙን አስጠራችው። ሰውዬው የታችኛውን ክዳን ፈቶ በብሩሽ ጠረግ ሲያደርገው ፍርፋሪ ይወርድ ጀመር። ብስኩት፣ የኦቾሎኒ ገለፈት፣ የኬክ ስኳር። ጉንዳንም ነበረበት።

«ይሄ መኪና ብስኩት ይበላል እንዴ?» አለ ሰውዬው፣ ለክፋት አይደለም።

መቀስ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ «ለካ የምትወፍረው መኪናዋ ናት! እኛ ደግሞ እህታችንን ስናማ!» አለ። ስፌት ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ካውያ ብቻ አልሳቀችም። ቀስ ብላ መጥታ መሳቢያዬን ዘጋችልኝ፤ ለካ ክፍት ነበር፤ ያለው ሁሉ ይታይ ነበር።

እኔም ከሁሉ አብልጬ ሳቅኩ። ሽንት ቤት ገብቼ እስኪበቃኝ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ መጀመሪያ የፈለግኩት ምን እንደሆነ ልጻፍ? ብስኩቱን።

ቅዳሜ 28

የእህቴ ልጅ ደወለች። ደም የሚወሰድበት የእናቷ ክንድ ላይ ያለው መስመር ተዘግቷል። አንገቷ ላይ ሌላ አስገብተውላት አስተኝተዋታል። እየሮጥኩ ነው።

ሰኞ 30

ደርሼ መጣሁ። ከመርሳቴ በፊት ሁሉንም እጽፈዋለሁ፣ ምንም ሳልቀንስ።

አንገቷ ላይ ፋሻ ነበር። ልጇን ውኃ አምጪልኝ ብላ ላከቻትና አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝ። ሰማያዊዋን ቀሚስ ለብሻለሁ፣ እንዳስደስታት ብዬ።

«ክንድሽን አንሺ» አለችኝ።

«ምነው?»

«አንሺው እትዬ።»

አነሳሁት። ጣቷን ብብቴ ሥር አሳረፈች። «እዚህ ጋ በእጄ ነበር የጨረስኩት። ይሄ የመኪና ነው። ያን ዕለት ገና ስነካው አውቄዋለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! «ታዲያ ለምን ሰፍታሻለች አልሽኝ?»

«ያ ሁሉ ሰው እያየሽ ምን ልበል? ላሳፍርሽ?»

እኔ እሷን አታለልኩ ብዬ ስኮራ፣ እሷ እዚያ መርፌ ላይ ታስራ የኔን ፊት ስትሸፍን ነበር። ሬዲዮዋ ዝም አለች።

«ነርሷ ብቻሽን እንድታናግርሽ የለመንኳትም እኔ ነኝ» አለች። «ፈርታ እንደሆነ በር ክፈቱላት አልኳት። አንቺ ግን በሩ ተከፍቶልሽ አትወጪም፣ አትገቢም። ደፉ ላይ ቆመሽ ኬክ ትበያለሽ።»

«ኬኩን ደግሞ ማን ነገረሽ?»

«ከንፈርሽ ላይ ስኳር ይዘሽ እኮ ነው ስትስሚኝ የከረምሽው!»

ሳቅ አመለጠን፣ ሁለታችንንም። ከዚያ ሳቁ አለቀ።

«አልሰጥም ብትይ አልቀየምሽም» አለችኝ። «ማልኩልሽ። የባለቤቴ ወንድም ልመርመር ብሎ ነበር፤ ‹ተወው፣ እትዬ ልትደርስ ነው› ብለን መለስነው። ‹እየወረደ ነው› ባልሽኝ ቁጥር ሌላ ሰው መፈለግ አቆምን። ልጄ ሰኞ ሰኞ ከትምህርት ቤት የምትመጣው እየሮጠች ነው፤ ስንት ሆነች ለማለት።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። በነፍሴ አላሰብኩትም። ውሸቴ የኔን ሆድ ብቻ የሸፈነ ነበር የመሰለኝ።

«እፈራለሁ ሚጣዬ» አልኳት። ይህን ቃል ከአፌ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። «ኪሎው አይደለም። ኪሎው ሲወርድ ነው የምፈራው። ያ በር… ጫማ የተደረደረበት… እማዬ ያዢልኝ ብላኝ…»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔ ያን ዕለት ገና ልጅ ነበርኩ። ጫማውን ጭንሽ ላይ ይዘሽ እስከ ማታ እንደተቀመጥሽ ግን ትዝ ይለኛል። እኔስ የማልፈራ መሰለሽ?»

ልጇ ውኃውን ይዛ ገባች። «ምን ሆናችሁ?» አለች።

«አክስትሽ ሰማንያ አራት ናት» አለቻት እህቴ። «እንደነገረችን ሰማንያ አንድ አይደለችም። በይ ውኃውን ስጪያት፣ እሷን ነው የጠማት።»

ልጅቷ ዓይኔን ሳታይ ብርጭቆውን ሰጠችኝ። ያን ብርጭቆ እስከ መቃብሬ አልረሳውም።

ረቡዕ 2

ለሚጣዬ ባለቤት ወንድም ራሴ ደወልኩለት። «እየወረደ አልነበረም፤ ዋሽቻለሁ። መመርመር ከፈለግህ ዛሬ ሂድ» አልኩት። «እሺ» ብቻ አለ። «እሺ» የምትል ቃል እንዲህ ትቀዘቅዛለች?

ለባሌም ነገርኩት፤ የሰማሁትንም ጭምር። አቀርቅሮ፣ «ኬኩን የገዛሁት ኬክ አምሮኝ አልነበረም» አለ። «አውቃለሁ» አልኩት። ሁለት ፈሪ አንድ ቤት ውስጥ።

ዓርብ 4

ባለሙያዋ ጠረጴዛ ላይ ቦርሳዬን ገለበጥኩት። ኦቾሎኒ፣ ብስኩት፣ በናፕኪን የተጠቀለለ ግማሽ ኬክ። ከመሀል የመርፌ ቆርቆሮዬም ወደቀ።

አልሳቀችም፣ አልገሠጸችኝም። መርፌዎቹን ለይታ መለሰችልኝና፣ «በጣም ጥሩ፤ አሁን መሥራት እንችላለን» አለች። «ኬኩ ክፉ ስለሆነ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ተቀምጠው፣ በሳህን፣ ሰው ፊት ይበሉት። ተደብቀው የበሉት ነው መጠን የሌለው።»

ከዚያ፣ «ሚዛኑ ዝቅ ሲል ምን ይሰማዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ክብደት ልታስቀንሰኝ ተቀምጣ ጭንቄን ስትሰማ ዋለች፣ የኔ እናት።

ረቡዕ 9

የባለቤቷ ወንድም ተመረመረ፤ አልገጠመም።

ሲነግሩኝ ራሴን ታዘብኩት፤ ደነገጥኩ፣ ግን አልሮጥኩም። ነርሷን «መልሴን ከመስጠቴ በፊት የሰጠ ሰው አሳዪኝ» አልኳት። አንዲት አትክልት ሻጭ አገናኘችኝ፤ ለወንድሟ ከሰጠች ሁለት ዓመቷ። የመጣችው የጎመን ቅርጫቷን ተሸክማ ነው። እኔ ፊቷን ሳይሆን እግሯን ነበር የማየው። ጭቃ የነካው ጫማ አድርጋለች። ገብታ ወጥታ፣ መልሳ አድርጋው።

«ፈርተሽ ነበር?» አልኳት።

«ፈርቼ? ከአልጋ ተነስቼ በፒጃማ ኮሪደር ድረስ ሸሽቻለሁ!» አለች። «በገዛ እግሬ ተመለስኩ። ሳትፈሪ ግቢ ያለሽ ማን ነው?»

ስወጣ ነርሷን «እሰጣለሁ» አልኳት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ይንቀጥቀጥ።

ሰኞ 14

ሰማንያ ሦስት ከስምንት መቶ። ለእህቴ ልጅ ደውዬ ቁጥሩን እንዳለ ነገርኳት። «አመሰግናለሁ» አለችኝ። አክስቴ አላለችኝም። ይገባኛል።

ደረጃ፣ ጠዋትና ማታ። ጠርሙሶቹን በትልቅ ቀየርኳቸው። ክንዴ እንደ ሰው ክንድ ሆነ። ካውያ ብስኩቷን ወደ ማዶ መስኮት ወስዳዋለች፤ ማንም አልነገራትም።

ሐሙስ 17

ዝናብ ነበር። ኬክ ቤቱ በር ላይ ደረስኩ፤ መብራቱ ሞቆ፣ ሽታው አፍንጫዬን ይዞ ሲጎትተኝ። ጃንጥላ አልነበረኝም። በስብሼ ገባሁ። ባሌ ፎጣ ይዞ በር ላይ ጠበቀኝና «አንቺ ሴትዮ አብደሻል» አለኝ። እንቁላል ቀቅሎልኝ ነበር፤ ድንጋይ አድርጎታል። በላሁት።

ሰኞ 21

ሰማንያ ሁለት ከሁለት መቶ። ከዚህ በታች ወርጄ አላውቅም። ያ የቆምኩበት ግድግዳ ከኋላዬ ነው።

ፍርሃቱ መጣ፣ እንዳለፈው ጊዜ። አፌም ስኳር ፈለገ። እህቴ ዘንድ ደወልኩና «ወረደ፤ ፈራሁ» አልኳት። «በይ ነይና አብረን እንፍራ» አለችኝ። ሄድኩ። እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ ስለ ማዳም አዲስ ዊግ አምተን ዋልን።

ሰኞ 28

ሰማንያ አንድ። ቀኑ ገና አልተቆረጠም፤ አንድ ኪሎ ከምናምን ይቀረኛል። ሊያስቸግረኝ ይችላል። ግን አሁን የሚያስቸግረኝ ኪሎው ራሱ ነው።

ሰማያዊዋን ቀሚስ ስፌት ቤት ይዣት ሄድኩ። የለቀቅኩትን ስፌት ፈታሁ። የድሮው የሚጣዬ መርፌ ቀዳዳዎች በሆምጣጤም አልጠፉም፤ ለካ አልተደፈኑም ነበር። በእነሱ ላይ መልሼ ሰፋኋት። ብብት ሥር ስደርስ መኪናውን አቆምኩ። እሱን ለእሷ ተውኩላት።

ከዚያ መቀሱን ከቆራጩ ጠረጴዛ ላይ አነሳሁና ሁለት ጣቱን ትርፍ በሁለቱም ጎን ቆርጬ ጣልኩት።

ቆራጫችን መቀስ ከመቀመጫው ዘለለ። «አንቺ ሴትዮ! ስፌት ያስተማረሽ ሰው የለም? ትርፍ ይቆረጣል? ነገ ብትወፍሪ ምን ልትለቂ ነው?»

«ምንም» አልኩት።

ከሰዓት ሚጣዬ ዘንድ ሄድኩ። የክንዷ መስመር ተከፍቶላት አንዱ እጇ እንደገና ማሽኑ ላይ ነው፤ እኔ ጨርቁን ወጥሬ ያዝኩላት፣ እሷ በሌላው እጇ ብብቱን ሰፋች። ቀስ ብላ። ሁለቴ አረፈች። ልጇ መርፌው ላይ ክር ታስገባላት ነበር። ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ገልብጣ አየችው፤ ጣቷ ትርፉን ፈለገ፣ አጣው። ቀና ብላ አየችኝ።

«ጫማችንን አንቺ ነሽ የምትይዢልን» አለቻት ለልጇ። «የሁለታችንንም፣ በአንድ ፌስታል።»

«እሺ» አለች ልጅቷ። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አክስቴ፣ ክንድሽን አንሺና ለኪያት እስቲ።»

ክንዴን አነሳሁ።